«ቀዩን መድኃኒት ወስጃለሁ» አይበቃም፦ ከካንሰር ሕክምና በኋላ የራስን ሕመም የማወቅ መመሪያ

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከሰፈር ክሊኒክ ወደ አንድ ሆስፒታል ላኩን። ከዚህ በፊት ታክማበት የማታውቀው ቦታ ነው። ወጣት ሐኪም አየን።

«ኬሞ የወሰዱት ምን ምን ነበር?»

«ቀዩን።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራቴ። አይ… አንዱን ደምሽ ወርዷል ብለው አሳልፈውብኝ ነበር። ከዚያ ነጩን።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ፌስታሉ። ፌስታሉ ውስጥ ሦስት የራጅ ፖስታ፣ ቀለማቸው የለቀቀ የፋርማሲ ደረሰኞች፣ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ ያለፈበት የቀጠሮ ካርድ እና አንድ የተረሳ ማስቲካ ነበር። «ቀዩ» ምን እንደሆነ የሚል ወረቀት ግን የለም።

ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ሽንት የሚያቀላው እሱ ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ልብን ሊያደክም ይችላል፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ። ለዚህ ነው አንድ ሰው በሕይወቱ ሊወስድ የሚችለው ጠቅላላ መጠን ገደብ ያለው። በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ሐኪሞች ይቆማሉ። በተለመደው አሰጣጥ አራት ዙር የወሰደች ሴት 240 አካባቢ ላይ ናት። ወጣቱ ሐኪም የፈለገው ይህቺን ቁጥር ነበር። እኛ ያለን ደግሞ ቀለሙ ብቻ።

እህቴ ልቧ ደህና ሆኖ ተገኘ። ደም ማነስ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን እንደ ሥራ ያዝኩት። ከዚህ በታች ያለው ያን ጊዜ የሚነግረን ሰው በነበረ ያልኩት ነው። ምሳሌዬ በብዛት የጡት ካንሰር ነው። አንደኛ የማውቀው እሱን ነው፤ ሁለተኛ በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ሌላ ዓይነት ላለባችሁም አብዛኛው ይሠራል። ሕክምናችሁን የሚወስነው ግን የያዛችሁ ሐኪም ነው፤ ይሄ ከሐኪሙ ጋር ለመነጋገር የሚረዳ ነው።

1. መጀመሪያ የሕመሙን ስም በትክክል ያዙ

ታክሞ ጨርሶ ምን እንደታከመ የማያውቅ ሰው አለ ወይ? ሞልቷል። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው ሳይሆን ለወንድሙ ወይም ለትልቋ ልጁ ይነገራል። «ለእሷ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይባላል። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ «እብጠቱ»፣ «ዕጢው»፣ «ያ ነገር» እያለ ዓመት ያልፋል። ታማሚዋ ዋናውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ታውቃለች፤ ከፊታችን ታነበዋለች። የማታውቀው ዝርዝሩን ነው። ኋላ ላይ የሚጠቅመው ደግሞ ዝርዝሩ ነው። አስታማሚ ከሆናችሁ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መደበቁ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ቃላችንም ራሱ ያደናግራል። «ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው፤ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተር የሚለውም እንደዚያ ነው። ካርድ ክፍል ላይ «ሳንባዬን ነቀርሳ ነበረብኝ» ያለ ሰው የቲቢ ታማሚ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ሐኪም ፊት «ካንሰር» በሉ። አይቀፋችሁ።

ቀጥሎ ለሐኪማችሁ ይህን ጠይቁ፦ «የተነሳው ከየት ነው? ዓይነቱ ምን ይባላል? ሌላ ቦታ ደርሶ ነበር ወይ?» መልሱን ራሱ ሐኪሙ በእጁ ይጻፍላችሁ። ካንሰር ስሙን የሚያገኘው ከተነሳበት ቦታ ነው። ከጡት ተነስቶ አጥንት የደረሰ ካንሰር «የአጥንት ካንሰር» አይባልም፤ የጡት ካንሰር ነው፣ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ይህን ባለማወቅ «ሁለት ካንሰር አለብኝ» ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

«ድኛለሁ ወይ?» የሚለውም ጥያቄ አለ። ሐኪሞች ሲመልሱ ቃል ይመርጣሉ። «አሁን የሚታይ ነገር የለም» ካሉ ያሉት ያንኑ ብቻ ነው። መደበቃቸው አይደለም። ምርመራ የሚያየውን ያያል፤ የማያየው ደቃቅ ነገር ሊቀር ስለሚችል ነው ክትትል የሚኖረው።

2. ፌስታሉን ወደ ክላሰር ገልብጡት

እዚህ ላይ አገራችን ያላት ችግር የታወቀ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማን የመሰሉ ቦታዎች የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ቀዶ ሕክምናዋን በክልሏ፣ የናሙና ምርመራዋን በግል ላብራቶሪ፣ ኬሞና ጨረሯን አዲስ አበባ ልታደርግ ትችላለች። ሁሉም ቦታ ካርድ አላት። ሁሉንም አንድ ላይ የያዘ ቦታ ግን የለም። ያ ቦታ የእናንተ ቤት መሆን አለበት።

አንድ ክላሰር ግዙ። ውስጡ የሚገቡት፦

የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት። ባዮፕሲው ላይ፣ ማለትም መጀመሪያ ለምርመራ በተወሰደው ናሙና ላይ የወጣው ሌላ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የወጣው ሌላ ነው። ሁለቱም ይቀመጡ። ከክላሰሩ አንድ ወረቀት ብቻ አስቀሩ ብባል የማስቀረው ይሄን ነው።

የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፤ ምን ተቆረጠ፣ ከብብት ስንት ንፍፊት ወጣ የሚለው።

የኬሞ ዝርዝር፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የአንዱ ዙር መጠን፣ የዙሩ ብዛት፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ቀን። ያሳለፋችሁት ወይም መጠኑ የተቀነሰበት ዙር ካለ ከነምክንያቱ።

ጨረር ከወሰዳችሁ የት ቦታ ላይ፣ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ስንት ቀን። በግራ ጡት በኩል ከሆነ «ግራ» የሚለው ቃል ይኑርበት። ልብ ያለው በዚያ ነው።

አሁን የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ፤ የደምም ይሁን የስኳር።

ኮፒ ለመጠየቅ አትፈሩ። «የራሴን ሕክምና ማጠቃለያ እፈልጋለሁ» በሉ። ሕክምናው ያለቀ ሰሞን መጠየቅ ይሻላል፤ ያከሟችሁ ሐኪም ገና ያስታውሷችኋል፣ ካርዱም አልጠፋም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትሄዱ «ካርድዎ አልተገኘም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ታገኟታላችሁ። እኛ አግኝተናታል። ሁሉንም ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። የሙቀት ወረቀት ላይ የታተመ ደረሰኝና የኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ወረቀት ይጠፋል፤ እሱን ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

አሁን ስለ ቀን። ይህን ማንም አይነግራችሁም። እህቴ ታሞክሲፈን የሚባለውን የሆርሞን እንክብል የጀመረችበት ወረቀት ላይ «5/2/12» ተብሎ ተጽፏል። ጥቅምት 5 ቀን 2012 ማለት ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 16 ቀን 2019። ይህን ወረቀት ውጭ አገር ይዛ ብትሄድ አንዱ ሐኪም ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል፣ አሜሪካዊው ደግሞ ሜይ 2 ቀን 2012። አምስት ዓመት ይውሰዱት የተባለ መድኃኒት ገና ሳይጀመር አልቆ ቁጭ። አንዳንድ ሆስፒታል በኢትዮጵያ ይጽፋል፣ ላብራቶሪው በፈረንጅ፣ የመድኃኒቱ ማለቂያ ቀንም በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፣ የወሩንም ስም በፊደል። ሰዓትም እንደዚያው። «8 ሰዓት» ብሎ የጻፈላችሁ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሁን ከሰዓት ስምንት ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ክላሰሩ ፊት አንድ ገጽ ይኑር። ስም፣ ዕድሜ፣ የሕመሙ ስም፣ ደረጃው፣ የተደረገው ሕክምና በቅደም ተከተል፣ አሁን ያለ መድኃኒት፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የሚደወልለት ሰው። እንግዳ ሐኪም ሠላሳ ገጽ አያነብም። አንድ ገጽ ግን ያነባል።

3. የፓቶሎጂውን ወረቀት አንብቡት

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቃሉም ከባድ ነው። ግን የምትፈልጓቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው።

መጀመሪያ ስቴጅና ግሬድ። በአማርኛ ሁለቱንም «ደረጃ» እንላቸዋለን፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ነው። ስቴጅ ካንሰሩ የት ድረስ እንደሄደ ነው፤ ከ1 እስከ 4 ይቆጠራል። ግሬድ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ምን ያህል ተለውጠዋል የሚለው ነው፤ ለጡት ከ1 እስከ 3። ጎረቤታችን የሆነች ሴት «ግሬድ 3» የሚለውን አይታ «ደረጃ ሦስት ደርሷል» ብላ ለቤተሰቧ ተናዘዘች። ስቴጇ ግን ሁለት ነበር። ሐኪም «ደረጃ» ሲላችሁ «የስፋቱ ነው ወይስ የሴሎቹ ለውጥ?» በሉ።

ስፋቱ ደግሞ በሦስት ፊደል ይጻፋል። ቲ የዕጢው መጠን ነው፤ ቲ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር፣ ቲ2 ከ2 እስከ 5፣ ቲ3 ከ5 በላይ፣ ቲ4 ቆዳውን ወይም የደረቱን ግድግዳ የነካ። ኤን የንፍፊቱ ነው። «3/14» ካያችሁ ከወጡት 14 ንፍፊቶች 3ቱ ላይ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ቀን አይደለም። ኤም ሌላ አካል መድረስ አለመድረሱን ይነግራል።

ከዚያ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» ይመጣሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የእህቴን ውጤት የተቀበልን ቀን ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ገለጠችው። እንግሊዝኛ ብዙ አትችልም። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ግን በእኛ ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱን አጣጠፈች፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቋጠረችው። ሦስት ቀን ቃል አልወጣትም። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሳታየኝ፣ «ኤችአይቪም አለብኝ መሰለኝ» አለችኝ።

ወረቀቱ የሚለው «ኢአር ፖዘቲቭ» ነበር። የካንሰሩ ሴሎች ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን መቀበያ አላቸው ማለት ነው። መጥፎ ዜና አልነበረም። እንዲያውም በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ሊታከም የሚችል ዓይነት ነው ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በጥሩ ዜና ስታለቅስ ነበር።

ስለዚህ ፖዘቲቭ ሁልጊዜ መጥፎ፣ ኔጌቲቭ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። «ምኑ ነው ፖዘቲቭ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኢአር እና ፒአር (ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን መቀበያ) ፖዘቲቭ ከሆኑ የሆርሞን መድኃኒት ይሠራል፤ ከመቶ 1 እና ከዚያ በላይ ሴሎች ላይ ከታየ ፖዘቲቭ ይባላል። ሄር-2 የካንሰር ሴል ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ከ0 እስከ 3 ይቆጠራል፤ 0 እና 1 ኔጌቲቭ፣ 3 ፖዘቲቭ ነው። 2 ከሆነ ውጤቱ አልለየም፤ ፊሽ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ወረቀታችሁ ላይ 2 ቁጥር ቀርቶ ማንም ምንም ካላለ ጠይቁ፤ ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ይጠቅማችኋል አይጠቅማችሁም የሚለው በዚያ ይወሰናል። ንፍፊት ፖዘቲቭ ከሆነ ካንሰሩ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ ኔጌቲቭ ከሆነ እልል በሉ፤ ጠርዙ ላይ ካንሰር አልቀረም ማለት ነው።

4. ቀጠሮ ስትገቡ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ

አስር አይደለም። ወረፋውን ታውቁታላችሁ፤ ሐኪሙ ያላቸው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቤት ቁጭ ብላችሁ ሁሉንም ጻፉ፣ ከዚያ ሦስቱን ምረጡ፣ ዋናውን መጀመሪያ አድርጉ። እኛ አበሾች ዋናውን ጥያቄ በር ላይ ቆመን ነው የምንጠይቀው። «እንዲያው ዶክተር፣ አንድ ነገር ረስቼ…» እጃችን እጀታው ላይ ነው።

ሌላው ልማዳችን «እሺ» ነው። ሐኪም ሲናገር እሺ እንላለን። ገባንም አልገባንም። ይሉኝታ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የተባላችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሯቸው። «ዶክተር፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። እንክብሉን በየቀኑ አንድ፣ የወር አበባ ቢመጣም ቢቀርም አላቋርጥም፣ በስድስት ወር ተመልሼ እመጣለሁ። ልክ ነኝ?» ከተሳሳታችሁ እዚያው ያርሟችኋል። ይህ ሐኪም መፈተን አይደለም፤ ራስን መፈተሽ ነው። እስካሁን በዚህ የተቆጣ ሐኪም አላየሁም፤ ሲደሰቱ ግን አይቻለሁ።

አንድ ሰው አብሯችሁ ይግባ፣ ሥራውም መጻፍ ብቻ ይሁን። ወይም ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅረጹ። ሁለት ጸሐፊና አንድ የሚያለቅስ ዘመድ ይዞ መግባት አይረዳም። የሚያለቅሰው ውጭ ይጠብቅ።

5. የረጅም ጊዜ መድኃኒታችሁን እወቁት

ከሕክምና በኋላ ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ኬሞ ያማል፣ ስለሚያም ሰው ያከብረዋል። ታሞክሲፈን ትንሽ ነጭ እንክብል ናት፤ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለአንዳንዱ እስከ 10። ሰው በሁለተኛው ዓመት «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ይተዋታል። ኢአር ፖዘቲቭ የሆኑ ሴቶች አምስት ዓመት በትክክል ሲወስዷት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል። ለውጡም እንክብሉ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ጭምር ይታያል። ይህ በአንዲት ትንሽ እንክብል ነው።

መተው የምትፈልጉት ሙቀት ሽው እያለባችሁ፣ ሌሊት እያላባችሁ ከሆነ ተናገሩ። ማቅለያ አለው፤ አንዳንዴ የድብርት መድኃኒት ለዚሁ ይታዘዛል። ግን አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ከታሞክሲፈን ጋር አይስማሙም። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ታሞክሲፈን ሰውነት ውስጥ ወደሚሠራው ቅርጽ እንዳይለወጥ ያግዱታል። ሌላ ሐኪም ድብርት ወይም ጭንቀት ብሎ መድኃኒት ሲያዝላችሁ ታሞክሲፈን ላይ መሆናችሁን ንገሩ። ያረጡ ሴቶች ሌትሮዞል ወይም አናስትሮዞል ሊታዘዝላቸው ይችላል፤ እነዚህ መገጣጠሚያ ያሳምማሉ፣ አጥንትም ያሳሳሉ።

ለወጣት ሴቶች ደግሞ አንድ አደራ። ታሞክሲፈን ላይ እያሉ ማርገዝ ፅንሱን ይጎዳል። ስለዚህ መከላከያ ያስፈልጋል። ነገር ግን የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና እንክብሉ ሆርሞን ናቸው፤ የጡት ካንሰር ለነበረባት ሴት አይመከሩም። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ካንሰር እንደነበረባችሁ ሳትነግሩ መርፌ አትወጉ። ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ወይም ኮንዶም አለ። ልጅ መውለድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ለሐኪማችሁ አንሱት። ነውር አይደለም።

ጾምና ጠበል። ታሞክሲፈን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ በቀን አንዴ ነው። ጾም የምትጾም ከሰዓት፣ ረመዳን የምትጾም በአፍጥር ሰዓት ልትውጥ ትችላለች፤ ብቻ ሰዓቱ በየቀኑ ተመሳሳይ ይሁን። ጠበል ቦታ ስትሄዱ እንክብሉን ይዛችሁ ሂዱ። በኤችአይቪ ጊዜ ይኸው ክርክር ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለካንሰርም የሚለወጥ ነገር የለም። የአገር መድኃኒት የምትጠጡ ከሆነ ግን ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ቢቆጡ ይቆጡ። ጉበታችሁ የሚያጣራው ሁሉንም ነው።

ሲጨርሱ ለመግዛት አትጠብቁ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። የንግድ ስሙ ስለሚለያይ ዋናውን ስም በቃላችሁ ያዙ፤ ሳጥኑ ተቀየረ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ከሥር በትንሹ የተጻፈውን እዩ።

6. ቁጥር ሲነገራችሁ «ስንት ከመቶ?» በሉ

«በግማሽ ይቀንሳል» ብዙ ይመስላል። ከመቶ ሴቶች 20 የሚመለስባቸው ከነበሩ 10 ሆኑ ማለት ከሆነ በእርግጥ ብዙ ነው። 2 የነበሩት 1 ሆኑ ማለትም ያው «በግማሽ» ነው። ውድ መድኃኒት ለመግዛት መሬት ከመሸጣችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ ጠይቁ።

ሌላው «አምስት ዓመት» የሚለው ነው። ሐኪሞች የአምስት ዓመት የመኖር ዕድል ይላሉ። ይሄ ሰፈር ሲደርስ «አምስት ዓመት ሰጧት» ይሆናል። ማንም ምንም አልሰጠም። ምርምሩ የሚቆጥረው በአምስት ዓመት ስለሆነ ነው፤ ከመቶ ሰዎች ስንቱ አምስተኛ ዓመታቸው ላይ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ከዚያም በኋላ ይኖራሉ።

7. ምን ሲሰማችሁ ትሄዳላችሁ?

ካንሰር የነበረበት ሰው ራሱን ባመመው ቁጥር ተመለሰ ይላል። ይሄ የማይቀር ነው። የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው፦ አዲስ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ምክንያት ከሌለው፣ ሄዶ መታየት። አዲስ እብጠት በጠባሳው፣ በብብት ወይም በሌላው ጡት፤ ሌሊት የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም፤ የማይለቅ ሳል፤ ያለ ምክንያት መክሳት።

ሁለት ሳምንት የማይጠበቅባቸው አሉ። ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በኩል ክንድ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ሂዱ፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ታሞክሲፈን ላይ ሆናችሁ አንድ እግር ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው። ካረጡ በኋላ ደም ከታየ በዚያው ሳምንት ማህፀን ይታይ። ድንገት እግር ከዛለ ወይም ሽንት ከተቋረጠ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ያለ ምልክት ግን በየሦስት ወሩ ሲቲ ስካን ይነሳልኝ ማለት አይጠቅምም። የጡት ካንሰር የተለመደ ክትትል የሐኪም ምርመራ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው በየ6 ወር እስከ ዓመቱ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ። ማሞግራም በዓመት አንዴ። ምንም ምልክት ለሌለው ሰው በየጊዜው የሚነሳ ሲቲ ዕድሜ አያስረዝምም፤ ኪስ ግን ያሳጥራል። «ሐኪሙ ምንም አላዘዘልኝም፣ ችላ ብሎኛል» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

8. ቴሌግራም ላይ የመጣውን

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የሚመስለውም ሰው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው፤ ተቆርጦ ሲሞት ቢላው ይወቀሳል። አሁን ደግሞ በስልክ የሚመጣው በዝቷል። እኔ ሦስት ነገር አያለሁ፦ የሚናገረው ሰው የሚሸጠው ነገር አለው ወይ? «ሁሉንም ካንሰር» ይላል ወይ? መድኃኒታችሁን አቁሙ ይላል ወይ? አንዱ አዎ ከሆነ አልፈዋለሁ። ሦስተኛው ከሆነ ላኪውን ዘመድ ደውዬ አናግረዋለሁ።

9. ውጭ ላላችሁ፣ ከውጭም ለምትረዱ

አሜሪካ ያላችሁ፦ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁ «እናትሽ ካንሰሩ ተመልሶባታል» የሚለውን እንዲተረጉም አታድርጉ። ውጤትም ሐኪሙ ከመደወሉ በፊት ስልካችሁ ላይ ሊገባ ይችላል። ዓርብ ማታ ብቻችሁን ከምትከፍቱት ምን እንደሚጠበቅ ቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። እስራኤል ያላችሁም ኩፓት ሆሊማችሁን የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዓረብ አገር ታክማችሁ ለምትመለሱ፦ ማጠቃለያውን ሳትይዙ አውሮፕላን አትሳፈሩ፣ የሚቻል ከሆነ በእንግሊዝኛ። ከእዚህ ሆኖ ማስላክ መከራ ነው።

ከክልል አዲስ አበባ ለሕክምና የምትመላለሱ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። በሉኪሚያ በሞተ ልጃቸው ስም አባት የመሠረቱት ድርጅት ነው።

ፊት ያለውን ገጽ በየቀጠሮው አድሱት፣ ሲቀየር አሮጌውን ቀን ጽፋችሁ ከኋላ አስገቡት። እህቴ የእሷን ላሚኔት አስደረገችው፤ ኮርታበት ነበር። በሁለተኛው ወር መድኃኒቷ ሲቀየር የሚጻፍበት ጠፋ። እናንተ በፕላስቲክ ኪስ ብቻ አድርጉት።